ጀርባውን የሰጠን መርዕድና የቁም ሳጥኔ በር

እኔን ብሎ የሙዚቃ ሰው! እስቲ አሁን እኔን ኦርኬስትራ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ? ሀ ብዬ ሁ ላይ የቀረሁ ሴትዮ ነኝ። የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዋ በመጣች ቁጥር «ዓይኔ አያይም» እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ያንኑ ዓይኔን ተክዬ ከምስር ውስጥ ጠጠር ስለቅም ትይዘኛለች። ቫዮሊንን ከማሲንቆ የምለየው ማሲንቆው ስለሚሰድበኝ ብቻ ነው። ታዲያ ምን አገባኝ?

መልሱን አውቀዋለሁ። ምላሴ ነች። ምላሴ ከእኔ ቀድማ የተወለደች ነች። እናቴ ትል እንደነበረው አዋላጇ «ሴት ናት» ስትል እኔ «ታዲያስ!» ብያለሁ።

ይሄን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ «ከመጀመሪያው ጀምሪ» እያለች እስክሪብቶዋን ታወዛውዝብኛለች። እሺ። መጀመሪያው ስኳር ነው።

በደርግ ጊዜ ከቀበሌ ስብሰባ የቀረ ሰው ስኳር አያገኝም። እኔ ስለ አብዮቱ ያለኝ እውቀት ትንሽ ነው፣ ለስኳር ያለኝ ፍቅር ግን ትልቅ ነው፤ ስለዚህ ከአንድም ስብሰባ ቀርቼ አላውቅም። ሊቀመንበራችን የሚያውቀኝ በአጨብጫቢነት ነው። ምን እንዳለ ሳልሰማ አጨበጭባለሁ፤ አንዳንዴ ሲያስነጥስም አጨብጭቤለታለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ከቀበሌ የተላከው ጠሪ የኮልፌን ጭቃ እየረገጠ በየደጁ ዞረ። «እሑድ ከምሳ በኋላ በአዳራሽ ስብሰባ አለ! ከስብሰባው በኋላ ክላሲካል ይሰማል! የቀረ ወዮለት!»

ጎረቤቴ ዘነበች ወዲያው መጣች። ከዘነበች ጋር ግድግዳችን አንድ ነው፤ እኔ ሳስነጥስ ከወዲያ «ይማርሽ» የምትለኝ እሷ ነች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሰማሽ? እሑድ ክላሽ ይሰማል አሉ።»

«የት?»

«አዳራሽ ውስጥ! የቀረ ወዮለት አሉ። ከቀሩም ወዮ፣ ከሄዱም ወዮ!»

በዚያ ዘመን ክላሽ ሲባል የሚሳቅበት እንዳይመስላችሁ። ሁለታችንም አማተብን። ከዚያ እኔ፣ ያቺ የማታፍር ምላሴ፣ «ስኳሩን ከክላሹ በፊት ይሰጡን ይሆን?» አልኩ።

ሄድን። ዘነበች ለሩጫ እንዲመቻት በሩ ጥግ ተቀመጠች። ጫማዋንም አጥብቃ አሰረች። እኔ እርጅናዬ አያስሮጠኝም ብዬ ከፊት ተቀመጥኩ። ሊቀመንበሩ እንደ ልማዱ «ኪነት የኅብረተሰብ መስተዋት ነው!» ብሎ ጀመረ። ይቺን አባባል ይወዳታል። ግድግዳው ላይም በቀይ ቀለም አስጽፏታል አሉ፤ እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ «ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ነበር የሚመስለኝ። አጨበጨብኩ።

ንግግሩ ሲያልቅ በክላሽ ፈንታ ሰዎች ወጡ። የምናውቃቸው ሰዎች! ሱሪዬን የሚያሳጥርልኝ… ሱሪ የት አለኝ፣ የባለቤቴን ሱሪ ያሳጥር የነበረው ልብስ ሰፊ ቫዮሊን ይዞ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጥሩምባ ይዞ፤ መርፌ የሚወጋበት እጁ ነው እያልኩ እኔ በጎኔ ተቀመጥኩ። አጠና ተራ እንጨት የሚሸጠው በቀለ ደግሞ ሰው የሚያህል ቫዮሊን፣ ቼሎ የሚሉትን፣ እንደታመመ ዘመድ አቅፎት መጣ። ሌሎችም አሉ፤ የሰፈራችን ሰዎች፣ ካፖርታቸው የሚታወቅ።

የሰበሰባቸው መርዕድ ነው። መርዕድ ከወታደር ባንድ በጡረታ የወጣ፣ ዝምተኛ፣ ሰላምታው ከወገቡ የሆነ ሰው ነው። ያን ሁሉ መሣሪያ ከየት ከየት እንደለቃቀመው እሱ ያውቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዎቹ ከሥራ ሲወጡ እየሰበሰበ የፈረንጅ ሙዚቃ ሲያስጠናቸው ኖሯል። እኛ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአዳራሹ የሚወጣውን ድምፅ ሰምተን የቀበሌው ወፍጮ ተበላሽቶ መስሎን ነበር።

መርዕድ ኮቱን ለብሶ ወጣ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳን። «ጨዋ ነው» አልኩ በልቤ። ከዚያ ምን ያድርግ? ዞረና ጀርባውን ሰጠን!

ጀርባ መስጠት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። እኔ ባደግኩበት ቤት ልጅ ከታላላቆቹ ፊት ሲወጣ እንኳ የኋሊት እየተራመደ፣ በርጩማ እየጠለፈው ነው የሚወጣው። ይሄ ግን ያንን ሁሉ ሽማግሌ፣ ያንን ሁሉ አሮጊት ከኋላው ትቶ፣ የጥርስ መፋቂያ የምታህል ዱላ አወጣና ጓደኞቹን ያስፈራራ ጀመር።

ቫዮሊኖቹ ቀስ ብለው፣ እያዘኑ ተነሡ። ያኔ ሬዲዮ እንዲህ ዓይነት ነገር ካሰማ ደህና ወሬ አይከተለውም። ዘነበች ከበሩ ጥግ ነጠላዋን እንደ ለቅሶ አዘቀዘቀችና «ማን ሞተ? ንገሩን እንጂ!» አለች። ሴቱ ሁሉ ነጠላውን ያዘቀዝቅ ጀመር። አንዷማ ደረቷን ሁለቴ ከመታች በኋላ «የማን ነው ግን?» ብላ ጠየቀች። መርዕድ ግን ዞርም አላለ።

ይሄኔ ነው ያቺ ምላሴ ያመለጠችኝ።

«ምነው ልጄ፣ ተኳርፈናል እንዴ?» አልኩ ጮክ ብዬ። «ፊትህን አዙርልን እንጂ! ጀርባህን ልናይ ነው ከቤታችን የወጣነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቄን ለቀቅኩት። ሳቁ ግን አንድ ሰው ቀሰቀሰ፤ ሊቀመንበሩን። ሙዚቃው ሲጀመር አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ ነበር። ብድግ አለና፣ ተኝቶ የነበረ ሰው እንዳይመስል፣ ከሁሉ በላይ ጮኸ።

«ጓዶች! እናታችን የሰነዘሩት ሂስ ከሰፊው ሕዝብ አብራክ የወጣ ሂስ ነው! መሪ ማለት ፊቱን ወደ ሕዝቡ የሚያዞር ነው። ይሄ መሪ ግን ለሰፊው ሕዝብ ጀርባውን ሰጥቷል! ጸሐፊ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝ!»

ጸሐፊው ያዘው። ብዕሩ ሲጫር ሰማሁት። ሳቁ ጠፋ።

መርዕድ ዱላዋን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሊቀመንበሩም ወሰነ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሚደረገው ስብሰባ ቡድኑ እንደገና ይቀርባል። መሪው ያኔም ለሕዝብ ጀርባውን ከሰጠ ቡድኑ ይፈርሳል፣ መሣሪያው መጋዘን ይገባል፣ መርዕድ ደግሞ ከፍ ወዳለው አካል ሄዶ ማብራሪያ ይሰጣል። ማብራሪያ! ያኔ ማብራሪያ ሊሰጥ የሄደ ሰው እራቱ ቀርቦ እየጠበቀው ይቀዘቅዝ ነበር።

ሊቀመንበሩ ሲወጣ ትከሻዬን ነካ አደረገና «ንቁ እናት!» አለኝ። ንቁ እናት ስኳሯን ይዛ ቤቷ ገባች። የዚያን ቀን ስኳሩ ሻዩን አላጣፍጥ አለ።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ድንጋይ ተሸክሜ መርዕድ ቤት ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ድንጋይ አይደለም። ወገቤ ድንጋይ ስለማይችል የበርበሬ መውቀጫዬን ዘነዘና ነው የተሸከምኩት። ሚስቱ በሩን ከፍታ እኔንም ዘነዘናውንም አየች፤ ልመታት የመጣሁ ሳይመስላት አልቀረም።

እግሩ ላይ ስወድቅ መርዕድ እጄን ይዞ አነሣኝ። «እማማ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ? ያልለመዱት ነገር ነው» አለኝ።

ይሄ ነው የገደለኝ። ቢሰድበኝ እኮ መልስ አላጣም ነበር። ጨዋ ሰው ግን ምን ይመለስለታል?

«ታዲያ ልጄ፣ ዞረህ ብታስመታቸውስ?»

«እነሱ የሚያዩት ዓይኔን ነው፣ እማማ። ዓይኔን ካላዩ በቀለ ሳይደርሰው ይጀምራል፣ ድሬሰሩ ደግሞ ጨርሶ አይጀምርም።»

«አንተ ሞክረው» አልኩት።

ሞከረው። ያን ሳምንት ሥራዬን ትቼ አመሻሽ አመሻሹን ልምምዱ ላይ ቆየሁ። መርዕድ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ፣ እንደታሰረ ሌባ፣ ዱላዋን ከወገቡ በታች ያወዛውዝ ጀመር። ልብስ ሰፊው በኋላ ሲናገር «ጅራት ነው የመሰለኝ» አለ። በቀለ ሳይደርሰው ጀመረ። ድሬሰሩ ጨርሶ አልጀመረም።

«እንግዲያው እናንተ ከሕዝቡ ኋላ ቁሙ» አልኩ። «መርዕድ ከፊት ሆኖ ወደ እናንተ ሲያይ፣ ወደ ሕዝቡም አየ ማለት ነው!»

ራሴን በራሴ አደነቅኩ። ደህና አድርገውም መቱት። ዘነበች ግን፣ ወሬ ልትቃርም መጥታ ነበር፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ።

«ሰው ሙዚቃ ከኋላው ሲሰማ ዝም ብሎ ይቀመጣል? ዞሮ ያያል። ሲዞር ጀርባውን ለማን ሰጠ? ከፊት ለተቀመጠው ለሊቀመንበሩ! አንድ ሰው ከማሳሰር ቀበሌውን በሙሉ ልታሳስሪ ነው?»

ይሄም ቀረ።

አንድ ቀን መንገድ ላይ ሊቀመንበሩን አገኘሁትና በቀጥታ ልለምነው ተነሣሁ። «ጓድ፣ ጀርባ መስጠት ሁሉ ንቀት አይደለም እኮ» አልኩት። «ቄሱም ቅዳሴ ላይ ጀርባውን ይሰጠናል። ንቆን አይደለም፤ ስለ እኛ እየለመነ ነው።»

ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ። «ቄስ ነው ያሉኝ፣ እናታችን?»

«ቄስ? ኧረ ቄጤማ ነው ያልኩት! ቄጤማ ፍለጋ እየሄድኩ ነው!» ብዬ ጉልበቴ እንደ ልጅነቴ ሮጠልኝ።

ስብሰባው ሦስት ቀን ሲቀረው ተስፋ ቆርጬ ቤቴ ውስጥ ፀጉሬን አበጥር ነበር። የምበጠርበት መስተዋት የቁም ሳጥኔ በር ላይ ነው። ቁም ሳጥኑን ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በተጋባን በዓመቱ ነው ያመጣልኝ። በሩ ከላይ እስከ ታች መስተዋት ነው፤ ታች ጥጉ ላይ ብቻ ጥቁር ነጥብ አለው። ሰፈሩ ውስጥ እንዲህ ዓይነት መስተዋት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። የስንት ሙሽራ ቀሚስ እዚያ ታይቷል መሰላችሁ! ቤቴ የሚመጡት እኔን ወደውኝ ይመስለኝ ነበር፣ ለመስተዋቱ ኖሯል።

ዘነበች ከኋላዬ ገባች።

«ዛሬም አልወጣሽም?» አለች።

«የት እሄዳለሁ? ሰው ፊት መቅረብ አፍሬያለሁ» አልኳት።

«ታዲያ ለምን ምላስሽን ታወጪብኛለሽ?»

እውነትም አውጥቼባት ነበር። ልማዴ ነው። ግን እንዴት አየችኝ? ጀርባዬን እኮ ሰጥቻታለሁ! ማበጠሪያው ፀጉሬ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ። መስተዋቱ ውስጥ እሷ እኔን ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ። ጀርባዬን ሰጥቻት ፊት ለፊት ተያይተናል!

«ዘነበች!» አልኩ። «ቢላ አምጪ!»

«ምን አደረግሁሽ?» ብላ ወደ በሩ ሸሸች።

«ለማጠፊያው ነው! በሩን ልንፈታው ነው!»

እሑድ ዕለት በቀለና ዘነበች በሩን በጋቢ ጠቅልለው ተሸከሙት። እኔ ከፊት ከፊት እየሄድኩ «ቀስ! ጭቃ! ቀስ! ውሻ!» እላለሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ጋቢው ተገለጠና አንድ አውራ ዶሮ ራሱን አየ። ዶሮው ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ዶሮ መኖሩን የሰማ አይመስልም፤ ተንደርድሮ መጣ። ዘነበች በአንድ እጇ በር፣ በሌላ እጇ ነጠላዋን እያወናጨፈች ስትታገለው የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን አንግቶ ደረሰ።

«ቁሙ! ምንድን ነው የተሸከማችሁት?»

«በር ነው» አለ በቀለ።

«የምን በር?»

«የቁም ሳጥን።»

«ቁም ሳጥኑስ?»

«ቤት ቀረ» አልኩ እኔ።

«ቁም ሳጥን ያለ በር ይቀመጣል?»

«በርስ ያለ ቁም ሳጥን ይሄድ የለ እንዴ ልጄ!»

ነገሩ አልገባውም፤ እኔም ብሆን አይገባኝም። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ሲመረምር ግን ራሱን አየ። ጎንበስ አለ። ኮፍያውን ወደ ጎን አደረገ። ከዚያ ወደ ሌላኛው ጎን። ጺሙን ዳሰሰ። «እለፉ» አለን በለሰለሰ ድምፅ፤ እስክንርቅ ድረስ ኮፍያውን አልለቀቀም።

በቀለ ከመድረኩ ኋላ ሁለት አጠና አቁሞ በሩን ከተቀማጮቹ ራስ በላይ ከፍ አደረገና አሰረው። ገመድ ስላነሰው መቀነቴን ፈትቼ ሰጠሁት። ቀሚሴ እንደ ጆንያ ለቀቀ። ለጥበብ ያልሆነ መቀነት ምን ያደርጋል!

አዳራሹ ሞላ። ሊቀመንበሩ መጣና መስተዋቱን አየ። ቆመ። መርዕድ ከመድረኩ ጥግ ዱላዋን በሁለት እጁ ይዟል፤ ሚስቱ ከሦስተኛው ረድፍ ከንፈሯን ነክሳለች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

እንግዲህ ምላሴ ናት ያሰረችው፣ ምላሴ ትፍታው ብዬ ተነሣሁ። መቀነት የሌለውን ቀሚሴን በአንድ እጄ ሰበሰብኩ።

«ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ፣ «እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ። እርስዎ ግን ሁልጊዜ ኪነት የኅብረተሰብ መስተዋት ነው ይሉናል። ኪነቱ ነበር፤ ኅብረተሰቡም ነበር፤ መስተዋቱ ጎድሎ ነበርና እነሆ፣ አመጣንልዎት።»

ሊቀመንበሩ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ ጽሑፍ አየ። መስተዋቱን አየ። እንደገና ጽሑፉን አየ። ከዚያ ማጨብጨብ ጀመረ! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ለእኔ አጨበጨበ።

መርዕድ ወጣ፣ እጅ ነሳ፣ ዞረ። ፊቱ ከድሬሰሩ ራስ በላይ ብቅ አለልን።

ከግራ በኩል አንድ ሽማግሌ «እኛ ጆሮውን ብቻ ነው የምናየው!» ብለው ጮኹ።

«ሙዚቃ አይደል? ጆሮ ይበቃዎታል!» አለቻቸው ዘነበች።

ከዚያ ቫዮሊኖቹ ያንኑ ቀስ ያለ፣ ያዘነ የሚመስል ነገር ጀመሩ። ሴቱ እጁን ወደ ነጠላው ላከ። ግን መስተዋቱ ውስጥ መርዕድ ፈገግ ብሏል! ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሞቀ ወተት እንደጠጣ ልጅ ፈገግ ብሏል።

«ለቅሶ አይደለም» አለች አንዷ በሹክሹክታ። «ፊቱን እይው።»

«ለቅሶ አይደለም» ወደ ኋላ ተላለፈ፣ «ለቅሶ አይደለም፣ ለቅሶ አይደለም» እየተባለ እስከ በሩ ደረሰ። ነጠላው ሁሉ ወደ ትከሻው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላማ ያ ዝምተኛ መርዕድ፣ ሰላም ስንለው መሬት መሬት የሚያየው መርዕድ፣ ጉድ አሳየን። ቅንድቡ ሲወጣ ቫዮሊኑ ይወጣል። በቀለን ሲቆጣው ቼሎው ያጉረመርማል፤ ልብስ ሰፊውን ሲለምነው ቫዮሊኑ ይለማመጣል። ጥሩምባው ሊመጣ ሲል መርዕድ ጉንጩን ይነፋል፣ እኛም ሳናውቀው ጉንጫችንን እንነፋለን። ሙዚቃው ቆም ሲል፣ ያለቀ መስሎን እጃችንን ልናጨበጭብ ስናነሣ፣ መስተዋቱ ውስጥ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ያ ሁሉ ሕዝብ እጁን እንዳነሣ ቀረ። ገና አለ ማለት ነው! ገና አለ! የኮልፌ ሰው እንዲህ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም።

ሊቀመንበሩስ? እሱ ራሱን መስተዋቱ ውስጥ ከመርዕድ ትከሻ አጠገብ አግኝቷል። ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን መሰለው። ወገቡን ቀጥ አድርጎ፣ ክራቫቱን አስተካክሎ፣ ዓይኑን እንኳ ሳይጨፍን ተቀመጠ።

ሁሉም ነገር ሲያምር ምን ይመጣል? መቀነት ይፈታል። የመጨረሻው ዘፈን ላይ፣ ድሬሰሩ ከሆዱ ሲነፋ፣ አጠናው ተንቀጠቀጠና መቀነቴ ላላ። በሩ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ጋደል አለ። የመርዕድ ፊት ወደ ታች ወረደ፤ ሕዝቡም አንገቱን አስረዘመ። ፊቱ ጠፋና የአዳራሹ ጣሪያ መጣ። ቆርቆሮው ላይ ያለው ቀዳዳ ታየን። «ጣሪያው ያፈሳል!» አለ አንዱ። ሊቀመንበሩ ከመስተዋቱ ሲወጣ ጊዜ ፊቱ ጠቆረ። ጸሐፊውን ዞር ብሎ አየ። ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ።

ያቺን ብዕር ሳይ እግሬን አላየሁትም። መድረኩ ላይ ወጥቻለሁ፤ በቼሎው ሥር ሾልኬ፣ በአጠናው ኋላ ዞሬ፣ በሩን በሁለት ክንዴ አቅፌ ቀጥ አደረግሁት። መርዕድ ተመልሶ መጣ። ሊቀመንበሩም ተመልሶ መጣ። ብዕሩ ወረደ።

እኔ ግን ምንም አላይም። ፊቴ ያለው በበሩ ውስጠኛ በኩል ነው። እዚያ ባለቤቴ ክራቫቱን የሚሰቅልባት ሚስማር አለች፤ አፍንጫዬ እሷ ላይ ነው። ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? በሩ መዝፈን ጀመረ! እንጨቱ፣ መስተዋቱ፣ ያቺ ሚስማር ሳትቀር፣ በቀለ ያንን ትልቁን ቫዮሊን ሲስበው እም… እያሉ ጉንጬ ላይ፣ ደረቴ ላይ፣ ሆዴ ድረስ ገቡ። ሙዚቃ በጆሮ ብቻ የሚሰማ ይመስለኝ ነበር። እኔ ግን በሆዴ ሰማሁት። እንደ ሀ ሁ አይደለም፤ ሳያስተምሩኝ ገባኝ። ክንዴ ዛለ፣ ቀሚሴ ተንሸራተተ፣ ግን ያንን በር የዚያን ቀን ቢገድሉኝም አልለቀውም ነበር። ከእኔ ለሕዝቡ የታዩት ስምንት ጣቶችና ያረጀ ሸራ ጫማ ብቻ ናቸው። ይሁን! ስምንት ጣቶቼ ኦርኬስትራ ውስጥ ገብተዋል።

ሙዚቃው አለቀ። ከዚያ እልልታው ቆርቆሮውን አነሣው። መርዕድ ወደ ሕዝቡ ዞረና እጅ ነሳ። ከዚያ ተመልሶ ወደ በሩ ዞረ። ለሕዝቡ እንደገና ጀርባውን ሰጠ፤ ማንም ምንም አላለውም። ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ለእኔ እጅ ነሳ። ለስምንቱ ጣቶቼ። እኔ በበሩ ጠርዝ አጮልቄ አየሁት። የበር ጠርዝ የነካው ዓይን እንባ ያመጣል፣ ሌላ አይደለም።

ሊቀመንበሩ ተነሣ። «ጓዶች! መሪው ፊቱን ለሰፊው ሕዝብ ማዞሩ ተረጋግጧል። ያለፈው ይሰረዝ!» ጸሐፊው ሰረዘ። ከስኳርም ከምንም የበለጠ የጣፈጠኝ ያ የስረዛ ድምፅ ነው። እኔ ገና ሳላጨበጭብ ቀጠለ። «መስተዋቱም ከዛሬ ጀምሮ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ሆኖ በአዳራሹ እንዲቀመጥ ተወስኗል!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም ልማድ ሆኖብኝ ለራሴ በር መወረስ አጨበጨብኩ።

ከዚያ ወዲህ መርዕድ በወር በወሩ ያሰማን ነበር። ከቤቴልም ከአየር ጤናም እየመጡ ይሰሙ ጀመር፤ ስኳር ሳይባሉ! የልብስ ሰፊውን ቫዮሊን ከሌላው ለይተን የምናውቅ፣ «ዛሬ በቀለ ቸኩሏል» የምንል ሰዎች ሆንን። እኔም ፀጉሬን ላበጥር ማበጠሪያዬን ይዤ አዳራሽ እሄዳለሁ። ጥበቃው ሲጠይቀኝ «በሬ ናት» እለዋለሁ፣ ደረቴን ነፍቼ። ለማላውቀው ሰው ሁሉ አሳያለሁ። «ያቺ ጥቁር ነጥብ ትታይሃለች? የእኔ ናት።»

በሩ የተወረሰ ዕለት ማታ ግን፣ ገና ከአዳራሽ ስንመለስ፣ ዘነበች ቤቴ ገብታ ቁም ሳጥኔ ፊት ቆመች። በር የለውም። ውስጡ ያሉት ሁለት ቀሚሶችና አንድ የተቀደደ ጋቢ አፍጥጠው ያዩናል። ዘመኑ ደግሞ ትርፍ ቤት ያለው ሁሉ የተወረሰበት ዘመን ነው። እኔ የመርዕድን እጅ መንሳት ለሦስተኛ ጊዜ እየተረክሁላት ነበር። አላስጨረሰችኝም።

«አንቺ ሴትዮ» አለችኝ፣ «ሌላው ትርፍ ቤት ኖሮት ቤቱን ተወረሰ፤ አንቺ ትርፍ አፍ ኖሮሽ በርሽን ተወረስሽ።»